«ፒክ አፕ»ን አጥርቶ ለማወቅ፦ ለተማሪዎችና ለአስጎብኚዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ ሐረጋዊ ግሥ፣ ተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብ የሚሉት ነው። ግሡ ይታወቃል፤ ከኋላው የምትከተለው ትንሽ ቃልም ትታወቃለች፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ትርጉማቸው ከሁለቱም ይርቃል። «ፒክ» መልቀም ወይም መምረጥ፣ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ ማለት እንደ ሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ የደብረ ብርሃን ተማሪ «ቢዝነስ ኢዝ ፒኪንግ አፕ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲገጥመው፣ ንግድ ምን እንደሚለቅም ግራ ይገባዋል። የተባለው ግን «ገበያው እየደራ ነው» ነው።

ይህን መመሪያ ሳዘጋጅ በዓይነ ኅሊናዬ የነበሩት ሁለት ዓይነት አንባቢዎች ናቸው። አንደኛው ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጀው የሰሜን ሸዋ ተማሪ ነው። ሁለተኛው በመንዝ ጓሳ ወይም በአንኮበር የውጭ አገር እንግዶችን የሚያስጎበኝ ወጣት ነው። ተማሪው ቃሉን የሚያገኘው በጥያቄ ወረቀት ላይ ነው፤ አስጎብኚው ግን በየዕለቱ በስልክ መልእክት ይጽፈዋል፣ በመኪና ውስጥ ይሰማዋል፣ ሲሳሳትም እንግዳውን ብርድ ላይ ያስጠብቃል። ለሁለቱም የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ የትርጉም ዝርዝር አትሸምድዱ። አሥር ትርጉም የሸመደደ ሰው ዐረፍተ ነገሩ ሲመጣ ከአሥሩ የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይቸግረዋል። የሚለየው ከግሡ አጠገብ ያለው ቃል ነው። ምን ተነሣ? ማን ተነሣ? የሚነሣ ነገርስ ጨርሶ አለ ወይ? ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ይህን ጥያቄ መጠየቅን የሚያለማምዱ ናቸው።

እርምጃ 1፦ መሠረቱን ያዙ

የቃሉ መነሻ የእጅ ሥራ ነው። መሬት ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ ወይም ወንበር ላይ ያለን ነገር በእጅ ይዞ ማንሣት «ፒክ አፕ» ነው። «ፒክ አፕ ዩር ባግ» ማለት «ቦርሳህን አንሣ» ማለት ነው።

«አፕ» ባይኖር ኖሮ ሌላ ሥራ ይሆን ነበር። የባቄላ እሸት በደረሰ ጊዜ አንድ እንግዳ ማሳ ዳር ቆሞ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ቢጠይቃችሁ፣ ከግንዱ ላይ እሸት ለሚቀጥፉት «ዜይ አር ፒኪንግ ቢንስ» ትላላችሁ። መቅጠፍ፣ መልቀም «ፒክ» ብቻውን ነው። ከቅርጫት ፈስሶ መሬት ላይ የተበተነውን ለምታነሣው ልጅ ግን «ሺ ኢዝ ፒኪንግ አፕ ዘ ቢንስ» ይባላል። ልዩነቱ እሸቱ ያለበት ቦታ ነው፤ ከግንዱ ጋር ተያይዞ ካለ «ፒክ»፣ ወድቆ ካለ «ፒክ አፕ»። ቡናም እንዲሁ ነው፤ «ፒክ ኮፊ» ቡና መልቀም ሲሆን፣ «ፒክ አፕ ሰም ኮፊ» ግን በመንገድ ላይ ቡና ገዝቶ ይዞ መሄድ ነው።

እርምጃ 2፦ ከ«አነሣ» ጋር አስተያዩት፤ ግን አትመኑት

አማርኛችን ለዚህ ቃል ጥሩ ጓደኛ አለው፦ «አነሣ»። ዕቃ እናነሣለን፣ ስልክ ሲጠራ እናነሣለን፣ በመኪና ስንሄድ እግረኛ መንገድ ላይ እናነሣለን። ሦስቱንም እንግሊዝኛው «ፒክ አፕ» ይላቸዋል። መንገዱ እስከዚህ ድረስ ለጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ተማሪ በዚያው ይቀጥልና ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ «አነሣ» ራሱ እንግሊዝኛው ወደማይከተለው ቦታ ይሄዳልና።

ፎቶ እናነሣለን፤ እንግሊዝኛው ግን «ቴክ ኤ ፎቶ» ነው። አስጎብኚዎች ሆይ፣ «ሻል አይ ፒክ አፕ ዩር ፎቶ?» ብትሉ እንግዳው ፎቶው የወደቀበት መስሎት መሬት መሬት ያያል። ጥያቄ እናነሣለን፤ እነሱ «ሬይዝ» ይሉታል። እጅ ማንሣትም «ሬይዝ» ነው። በስብሰባ ላይ ጉዳይ ማንሣት «ብሪንግ አፕ» ነው፤ እዚህ ላይ «አፕ» ስላለች ብዙዎች ያምታቱታል፤ ግሡ ግን «ብሪንግ» መሆኑን ልብ በሉ። ሰው በሌለበት ስሙን ማንሣት «ሜንሽን» ነው። ክርስትና ማንሣት ደግሞ እንግሊዝኛው አብዛኛውን ጊዜ በግሥ አይገልጸውም፤ «ሺ ኢዝ ማይ ጎድማዘር» ማለት ይበቃል።

እንግዲህ የማስታወሻ ደብተራችሁን አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉና በአንድ በኩል «አነሣ» ከ«ፒክ አፕ» ጋር የሚገጥምባቸውን፣ በሌላው የማይገጥምባቸውን ጻፉ። የማይገጥመው ወገን ይረዝማል። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለውም እሱ ነው።

እርምጃ 3፦ የሚነሣውን ነገር ተመልከቱ

ይህ እርምጃ የሁሉም እናት ስለሆነ አትቸኩሉበት። ከ«ፒክ አፕ» በኋላ፣ ወይም በ«ፒክ» እና በ«አፕ» መካከል የገባውን ተሳቢ ፈልጉ። ትርጉሙን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ተሳቢው ሰው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የመጓጓዣ ጉዳይ ነው፤ ሰውየው ካለበት ሄዶ ማምጣት፣ ከሚጠብቅበት ቦታ ማሳፈር ነው። «ዘ ድራይቨር ፒክት አስ አፕ አት ዘ ሆቴል» ሲባል ሾፌሩ ከሆቴሉ በር ላይ አሳፈረን ማለት ነው። ተቃራኒው «ድሮፕ ኦፍ» ነው፤ አድርሶ ማውረድ። ሁለቱን አንድ ላይ አጥኗቸው፤ የመኪና ነገር ሲወራ አይለያዩምና። ሰውየው ሕፃን ከሆነ ግን ወደ መጀመሪያው የእጅ ሥራ እንመለሳለን፤ «ሺ ፒክት ዘ ቤቢ አፕ» ማለት ብድግ አድርጋ አቀፈችው ነው። ባለቤቱ ፖሊስ ከሆነ ደግሞ «ዘ ፖሊስ ፒክት ሂም አፕ» ያዙት፣ ወሰዱት ማለት ይሆናል። ተሳቢው የራስ ተውላጠ ስም ሲሆን፣ «ሺ ፒክት ኸርሰልፍ አፕ» ሲባል፣ ወድቃ ተነሣች ነው፤ ከኀዘን ወይም ከኪሳራ ለተነሣ ሰውም ይነገራል።

ተሳቢው የሚገዛ ዕቃ ከሆነ ትርጉሙ «ይዞ መምጣት» ነው። ቤተሰብ ከቤት ሲወጣ «ስትመለስ ዳቦ ይዘህ ና» የሚባለው በእንግሊዝኛ «ፒክ አፕ ሰም ብሬድ ኦን ዘ ዌይ ሆም» ነው። እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር አለ። «ባይ» ማለት መግዛት ነው፤ «ፒክ አፕ» ግን በመንገድ ላይ፣ ለሌላ ጉዳይ በወጡበት፣ ብዙ ሳይደክሙ መግዛት ነው። አንድ እንግዳ «አይ ፒክት አፕ ኤ ባና ኢን መሐል ሜዳ» ቢላችሁ፣ በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ሲያልፍ አይቶ ባና፣ ማለትም ከበግ ጸጉር የተሠራ ብርድ ልብስ፣ ገዛ ማለት ነው፤ ባናውን ብሎ ከአገሩ አልተነሣም። የመንዝን በግ ጸጉር ፈትላ ለምታሠራው እናት ግን ሥራው ቀላል ስላልሆነ፣ ስለ እሷ ድካም ስትናገሩ ይህን ቃል አትጠቀሙበት። አስቀድሞ የታዘዘን ወይም የተከፈለበትን ዕቃ ሄዶ መረከብም «ፒክ አፕ» ነው፤ ከልብስ ሰፊ፣ ከፋርማሲ፣ ከፖስታ ቤት።

ተሳቢው ቋንቋ፣ ሙያ ወይም ልማድ ከሆነስ? እዚህ ላይ አማርኛ «ቃረመ» የሚል የታደለ ቃል አለው። ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ማሳው ላይ የቀረውን ዘለላ አንድ በአንድ እየለቀሙ ጎተራ እንደሚሞሉ ሁሉ፣ ከሰው አፍ ከዚህም ከዚያም ቃል እየለቀሙ ቋንቋ መልመድ «ፒክ አፕ» ይባላል። «ሂ ፒክት አፕ አምሃሪክ ኢን ደብረ ብርሃን» ማለት ያለ አስተማሪና ያለ መጽሐፍ፣ ከገበያና ከጎረቤት ለመደ ማለት ነው። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰዋስው አጥንቶ ለተማረ ሰው «ለርን» ወይም «ስተዲ» ይሻላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ወደ ሸዋ ከመድረሱ በፊት አማርኛን አጥንቶ ስለነበር፣ ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው «ፒክት አፕ» ቢል ያጎድልበታል። ለእናንተም ይኸው ነው። ከእንግዶች ጋር እየዋላችሁ ጥቂት ፈረንሳይኛ ከለመዳችሁ «አይ ፒክት አፕ ሰም ፍሬንች ፍሮም ቪዚተርስ» በሉ፤ ሐቀኛ ንግግር ነው፣ ሥራችሁንም ያስከብራል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከተማራችሁት ግን «ስተዲድ» በሉ። በሥራ ማመልከቻ ላይ ሁለቱን ማምታታት የተማሩትን ያልተማሩ ያስመስላል።

መጥፎ ልማድም በዚሁ ቃል ይነገራል። «ሂ ፒክት አፕ ባድ ሃቢትስ» ማለት ክፉ ጠባይ ከጓደኛ ተጋባበት ነው።

ተሳቢው በሽታ ከሆነ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» ስንል የሚይዘው ጉንፋኑ ነው፤ ሰው የተያዘ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ባለቤት ሆኖ «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ» ይላል። «ኤ ኮልድ ፒክት አፕ ሚ» ብሎ ከአማርኛው በቀጥታ የሚገለብጥ ተማሪ ብዙ ነው። ብርድ በሚበረታበት አገር ይህ ዐረፍተ ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚያስፈልግ፣ ሳታስቡት ከአፋችሁ እስኪወጣ ድረስ ድገሙት። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከተላላፊ ሕመም ጋር ነው የሚሄደው፤ ለተሰበረ እግር ወይም ለስኳር በሽታ አይሆንም።

ተሳቢው ድምፅ፣ ሽታ ወይም የሬዲዮ ሞገድ ከሆነ «ያዘ» ወይም «ደረሰበት» ማለት ነው። የመኪናው ሬዲዮ ጣቢያ አልይዝ ሲል «ዘ ሬዲዮ ካንት ፒክ አፕ ዘ ስቴሽን» ይባላል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አፍንጫዋን ወደ ሣሩ ዝቅ አድርጋ ቀጥ ስትል ካያችሁ «ዘ ዎልፍ ሃዝ ፒክት አፕ ኤ ሴንት» ማለት ትችላላችሁ፤ የአይጥ ሽታ አግኝታለች። በነገራችን ላይ ቀይ ቀበሮን እንግሊዝኛው «ኢትዮጵያን ዎልፍ» ነው የሚላት፤ «ፎክስ» ካላችሁ እንግዳው ሌላ እንስሳ ይጠብቃል።

ተሳቢው ሒሳብ ወይም ወጪ ከሆነ «ሸፈነ» ነው፤ «ዘ ካምፓኒ ፒክት አፕ ዘ ቢል» ድርጅቱ ወጪውን ሸፈነ። ፍጥነት ከሆነ «ጨመረ» ነው፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መኪና «ፒክስ አፕ ስፒድ»፣ ሾፌሩ ፍሬን ላይ ካልተጠነቀቀ።

እርምጃ 4፦ ተሳቢ ከሌለስ?

አንዳንዴ ከ«ፒክ አፕ» በኋላ ምንም የለም። ያን ጊዜ ባለቤቱን እዩ። ባለቤቱ ንግድ፣ ኢኮኖሚ፣ ጤና ወይም የአየር ሁኔታ ከሆነ «ተሻሻለ፣ በረታ፣ አንሠራራ» ማለት ነው። በበዓል ሰሞን የበግ ገበያው ሲደራ «ዘ ሺፕ ማርኬት ኢዝ ፒኪንግ አፕ» ነው። ነፋስ ሲበረታ «ዘ ዊንድ ኢዝ ፒኪንግ አፕ»። እዚህ ላይ ነፋሱ የባሰ እንጂ የተሻለ አለመሆኑን አስተውሉ፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ ኃይል መጨመር ነው፣ ደግነቱን ወይም ክፋቱን የሚለየው ባለቤቱ ነው።

ባለቤቱ ሰው ከሆነና ስለ ስልክ እየተወራ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ «ኖባዲ ፒክት አፕ» ማንም አላነሣም። «ፒክ አፕ ዌር ዊ ሌፍት ኦፍ» የሚለው ደግሞ እንደ አንድ ቃል የሚያዝ ነው፤ ካቆምንበት እንቀጥል። መምህር ክፍል ሲገባ የሚናገረው ስለሆነ ተማሪዎች ከማንም በፊት ይለምዱታል።

እርምጃ 5፦ የቃላቱን ቅደም ተከተል አስተካክሉ

ተሳቢው ስም ሲሆን ሁለቱም ቦታ ይሆናል፤ «ፒክ አፕ ዘ ባግ» እና «ፒክ ዘ ባግ አፕ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሙ ረዝሞ «ሽማግሌው በሩ አጠገብ ትተውት የሄዱት ቦርሳ» ዓይነት ሲሆን ግን ወደ መጨረሻ ውሰዱት፤ በመካከል ከገባ «አፕ» እስኪመጣ ሰሚው ይደክማል።

ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ምርጫ የለም። መካከል ይገባል፦ «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፒክ ዩ አፕ»፣ «ፒክ ዘም አፕ»። «ፒክ አፕ ኢት» ስሕተት ነው፤ «ፒክ አፕ ዩ»ም እንዲሁ።

ይህን ደንብ ተማሪዎች እንደ ባዕድ ነገር ያዩታል፤ የገዛ ቋንቋቸው ግን ይህንኑ ያደርጋል። «አነሣሃለሁ» የሚለውን ቆራርጣችሁ ተመልከቱ። መጀመሪያው ላይ «አነሣ» አለ፣ መጨረሻው ላይ «ለሁ» አለ፣ አንተ የተባልከው ሰው ደግሞ «ሃ» ሆነህ መካከላቸው ገብተሃል። «አነሣሻለሁ»፣ «አነሣዋለሁ»፣ «አነሣችኋለሁ» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው፤ ተሳቢው ከግሡ ሆድ ውስጥ ነው። «አነሣለሁህ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንግሊዝኛውም «ፒክ»ን ከፊት፣ «አፕ»ን ከኋላ አቁሞ «ዩ»ን ከመካከል ያስገባል። «አነሣሃለሁ» ባላችሁ ቁጥር «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ»ን አስከትሉ፤ ደንቡን ማስታወስ ሳያስፈልጋችሁ ጆሯችሁ ስሕተቱን ይጠላዋል።

በተገብሮ ሲሆን ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ይቀራሉ፦ «ዊ ወር ፒክት አፕ አት ዘ ሆቴል»።

እርምጃ 6፦ አጠራሩን ለዩ

ግሡ ሲጠራ ሁለቱ ቃላት ይጋጠማሉ፤ «ፒካፕ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ኃላፊው ጊዜ «ፒክታፕ» ይመስላል። በጽሑፍ የኃላፊ ጊዜ ምልክቱ የ«ድ» ፊደል ቢሆንም ሲነበብ «ት» ነው፤ ከፊቱ ያለው «ክ» ኢነዛሪ፣ ማለትም ጉሮሮን ሳያርገበግብ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ይስበዋል። «ፒክድ» ብላችሁ አትጥሩት።

ከኋላ ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ሁላችንም «ፒካፕ» እንለዋለን። እሱ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል፣ ሲጠራም ኃይሉ በመጀመሪያው ክፍል በ«ፒክ» ላይ ያርፋል። ግሡ ግን ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል፣ በተለይ ተውላጠ ስም መካከሉ ሲገባ ኃይሉ «አፕ» ላይ ነው። በጽሑፍ ፈተና ላይ ግሡን አጣብቆ መጻፍ እንደ ስሕተት ስለሚቆጠር ክፍተቱን አትርሱ።

እርምጃ 7፦ የቀጠሮ መልእክት በትክክል ጻፉ

አስጎብኚዎች ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መልእክት ይህን ይመስላል፦ «አይ ፒክ አፕ ዩ ቱሞሮው 12 ኦክሎክ ሆቴል»። ሦስት ነገር መታረም አለበት።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ነው፤ «ፒክ ዩ አፕ» ይሁን። ሁለተኛው ጊዜው ነው፤ ነገ የሚደረግና ቃል የምትገቡበት ነገር ስለሆነ «አይ ዊል» በሉ። ሦስተኛውና እጅግ የሚያሳስበው ሰዓቱ ነው። እናንተ ጠዋት 12 ሰዓት ስትሉ ጎሕ ሲቀድ ማለታችሁ ነው፤ እንግዳው «12» ሲያነብ ግን እኩለ ቀን ይመስለዋል። እናንተ ሆቴሉ በር ላይ ስትደርሱ እሱ ተኝቷል፤ እሱ ሲወጣ እናንተ የላችሁም። ጭላዳዎች ሌሊቱን ያደሩበትን ገደል ለቀው ወደ ሜዳው የሚወጡት በጠዋት ስለሆነ ደግሞ፣ የባከነው ሰዓት እንግዳው ከሩቅ አገር የመጣበት ዋናው ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከእኛ አቆጣጠር ላይ 6 ሰዓት ቀንሳችሁ ወይም ጨምራችሁ በእነሱ ጻፉ፤ ጠዋት መሆኑን በ«ኤ ኤም»፣ ከሰዓት በኋላና ማታ መሆኑን በ«ፒ ኤም» ግለጹ።

የታረመው መልእክት እንዲህ ይሆናል፦ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ሲክስ ኤ ኤም ቱሞሮው ኢን ፍሮንት ኦፍ ዩር ሆቴል። አይ ዊል ድሮፕ ዩ ኦፍ ዜር አት ፋይቭ ፒ ኤም።» ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሆቴላችሁ ፊት ለፊት አነሣችኋለሁ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እዚያው እመልሳችኋለሁ። ቦታውን «ኢን ፍሮንት ኦፍ» ብሎ ለይቶ መናገር «ሆቴል» ብሎ ከመተው እጅግ ይሻላል፤ እንግዳው ውስጥ ይጠብቅ ወይስ ውጭ የሚለው ጥያቄ አይነሣበትም።

መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነ ለሾፌሩ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንግዶቹን ከሆቴል ያነሡልኛል?» እንደምትሉት፣ ለእንግዶቹ ደግሞ «አወር ድራይቨር ዊል ፒክ ዩ አፕ» ብላችሁ ጻፉ፤ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም ጨምሩ።

እርምጃ 8፦ የማይገባበትን ቦታ እወቁ

«ፒክ አፕ» የዕለት ተዕለት ንግግር ቃል ነው። በጥናት ጽሑፍና በደብዳቤ ላይ ጠንከር ያለ ቃል ይመረጣል፦ ስለ ዕውቀት ሲሆን «አኳየር»፣ ስለ ኢኮኖሚ ሲሆን «ኢምፕሩቭ»፣ ስለ መሣሪያ ሲሆን «ዲቴክት»፣ ያቋረጡትን ለመቀጠል «ሪዚዩም»፣ ዕቃ ለመረከብ «ኮሌክት»። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህ ልዩነት ውጤት ያመጣል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በመዝናኛ ቦታ የማያውቁትን ሰው ለፍቅር ብሎ ቀርቦ ማግባባትም በዚሁ ቃል ይነገራል። «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ አት ሲክስ» ከሰዓትና ከቦታ ጋር ሲሆን ምንም ጥርጣሬ የለበትም፤ ያለ ሰዓትና ያለ ቦታ «ሂ ፒክት ኸር አፕ ኢን ኤ ባር» ከተባለ ግን ይህ ትርጉም ይመጣል። ስለ ሴት እንግዶች ስታወሩ ሰዓቱንና ቦታውን አትዝለሉ።

ዘመዶቹንም ለዩ። «ፒክ አፕ ኦን» ልብ ማለት ነው፤ ሌላው ያላስተዋለውን ማስተዋል። «ፒክ አውት» ከብዙ መካከል መርጦ ማውጣት፣ «ፒክ ኦን» ደግሞ አንድን ሰው ለይቶ ማጥቃት ነው። የኋለኛው በትምህርት ቤት ብዙ ስለሚነገር፣ አንድ ልጅ «ዜይ ፒክ ኦን ሚ» ካለ ሰሚው በቁም ነገር ሊይዝለት ይገባል።

እርምጃ 9፦ ራሳችሁን ፈትኑ

የሚከተሉትን አምስት ዐረፍተ ነገሮች መልሱን ሳታዩ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። «ፒክ አፕ» የማይገባበትም አለባቸው።

ሀ. ከገበያ ስትመለስ ጨው ይዘህ ና።
ለ. እኅቴ መናኸሪያ ደርሳለች፤ ላነሣት ነው።
ሐ. ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ሳለ አፋርኛ ከነጋዴዎች ለመደ።
መ. ደውዬልህ ነበር፤ አላነሣህም።
ሠ. በስብሰባው ላይ የመንገዱን ጉዳይ አነሣሁ።

የሀ መልስ «ፒክ አፕ ሰም ሶልት ኦን ዩር ዌይ ባክ ፍሮም ዘ ማርኬት» ነው። የለ «ማይ ሲስተር ኢዝ አት ዘ ባስ ስቴሽን፤ አይ አም ጎይንግ ቱ ፒክ ኸር አፕ» ሲሆን፣ «ኸር» መካከል መግባቷን አረጋግጡ። የሐ «ማይ ብራዘር ፒክት አፕ አፋር ፍሮም ትሬደርስ ኢን ሸዋ ሮቢት» ነው። በመ ላይ «አይ ኮልድ ዩ፣ በት ዩ ዲድንት ፒክ አፕ» ትላላችሁ፤ ተሳቢ አያስፈልግም፣ «ዲድንት» ስላለም ግሡ «ፒክት» አይሆንም። በሠ ላይ «ፒክት አፕ» የጻፈ ሰው ወደ እርምጃ 2 ይመለስ፤ ትክክለኛው «አይ ብሮት አፕ ዘ ሮድ አት ዘ ሚቲንግ» ነው።